የሥነ ዜጋ ትምህርት ወጪ በኢትዮጵያ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች

በኢትዮጵያ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሥነ ዜጋ ትምህርት ወጪ ከሕዝብ ገንዘብ ይሸፈናል፤ በራሱ ስም የተያዘ የበጀት ርዕስ ግን የለውም። መንግሥት በጀት የሚደለድለው በመሥሪያ ቤት፣ በፕሮግራምና በወጪ ዓይነት በመሆኑ፣ ለዚህ ትምህርት የሚወጣው ብር በመምህራን ደመወዝ፣ በመጻሕፍት ኅትመትና በትምህርት ቤቶች ሥራ ማስኬጃ ውስጥ ተበትኖ ይገኛል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት ለትምህርትና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ያስገድዳል። አንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህል ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ይደነግጋል። ይህ ሁለተኛው ድንጋጌ ከየትኛውም ትምህርት ይልቅ ሥነ ዜጋን ይነካል፤ በንጉሡ ዘመን ግብረ ገብ፣ በደርግ ዘመን የፖለቲካ ትምህርት ይሰጥ ስለነበር፣ ትምህርቱ የገዥው ወገን መስበኪያ ይሆናል የሚለው ጥርጣሬ ከ1983 ዓ.ም. በኋላም አልጠፋም።

ገንዘቡ ረጅም መንገድ ይጓዛል። የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሚወስነው ቀመር መሠረት የፌዴራል ድጎማ ለክልሎች ይከፋፈላል፤ ክልሎችም የራሳቸውን ገቢ ጨምረው ለወረዳዎች ያደላድላሉ። ወረዳው ከሁሉ አስቀድሞ የሚዘጋው የደመወዝን ሂሳብ፣ የፋይናንስ ባለሙያዎች በኮዱ 6111 የሚሉትን ነው። ከዚያ የሚተርፈው ሥራ ማስኬጃ ጠመኔም፣ ውሎ አበልም፣ ጥገናም የሚሻሙበት ስለሆነ፣ ለሥነ ዜጋ ከመምህሩ ደመወዝ ያለፈ ነገር መድረሱ ያጠራጥራል።

ትምህርቱ በስሙ ተጠርቶ ከገንዘብ ጋር የተያያዘው መንግሥት የትምህርትን ጥራት ለማሻሻል ባወጣው ዕቅድ፣ በአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማረጋገጫ ፓኬጅ ነበር። ፓኬጁ የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርትን ከስድስቱ መርሐ ግብሮች እንደ አንዱ ቆጥሮታል፤ የዓለም ባንክና ሌሎች ለጋሾች ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በጋራ ቋት የደገፉት ግን የሥርዓተ ትምህርትና መጻሕፍትን፣ የመምህራን ልማትን፣ የትምህርት ቤት መሻሻልንና የአመራርን ዘርፎች ነው። ሥነ ዜጋ በአገር ውስጥ በጀት ላይ ቀረ፤ በወረቀት ላይ እኩል፣ በገንዘብ ግን የበታች ሆነ ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዚያን ጊዜ የነበረው የተማሪ መጽሐፍ ከዴሞክራሲያዊ ሥርዓትና ከሕግ የበላይነት ተነሥቶ እስከ ታታሪነት፣ ቁጠባና እውቀትን መሻት የሚዘልቁ 11 እሴቶችን ይዟል።

በ2015 ዓ.ም. በስፋት ሥራ ላይ የዋለው አዲስ ሥርዓተ ትምህርት ለታችኞቹ ክፍሎች ግብረ ገብን፣ ከፍ ላሉት የዜግነት ትምህርትን አምጥቷል። ይህም የቀድሞዎቹን መጻሕፍት ከአገልግሎት ውጭ ስላደረገ የኅትመት ወጪው እንደ አዲስ ተጀመረ፤ የታተመው መጽሐፍ በጊዜው ባለመድረሱም በሶፍት ኮፒ ሲያስተምሩ የከረሙ ትምህርት ቤቶች ነበሩ።

በጀቱ ከሁሉ ይልቅ የሚጠበው ከክፍል ውጭ ላለው ተግባር ነው። በተማሪ ቁጥር ተሰልቶ ለትምህርት ቤት የሚላከው ድጎማ የሚውለው በመማር ማስተማር፣ በምቹ የትምህርት አካባቢ፣ በአመራርና በኅብረተሰብ ተሳትፎ ዙሪያ በሚወጣ ዕቅድ ነው። ስለዚህ የሥነ ዜጋ ክበብ፣ የተማሪዎች ፓርላማ ወይም የሚኒ ሚዲያው ድምፅ ማጉያ ድርሻ የሚያገኘው ርዕሰ መምህሩና የወላጅ መምህር ኅብረቱ ካመኑበት ነው፤ ካልሆነ ተማሪዎች ያዋጣሉ። አንዳንዱን ክፍተት ሌሎች የመንግሥት ተቋማት ከራሳቸው በጀት ይሞላሉ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በምስለ ችሎት፣ ማለትም እንደ ፍርድ ቤት በሚካሄድ የልምምድ ክርክር፣ ያወዳድራል፣ የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽንም በትምህርት ቤቶች ውስጥ ያሉ የሥነ ምግባር ክበባትን ይደግፋል።