በቤተ ክርስቲያን ሥዕል «አንድ ዓይን» ምንድን ነው?

ዘጌ ላይ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ወይም አዝዋ ማርያም ገብቶ የመቅደሱን ግድግዳ የዞረ ሰው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ቅዱሳኑ ሁለት ዓይን አላቸው። ክፉዎቹ በጎን ስለሚሣሉ የሚታየው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው።

የሠዓሊ ስሕተት እንዳይመስል፤ ደንብ ነው። ፊደል ያልቆጠረ ምእመንም ማን ከማን ወገን እንደሆነ በዚህ ይለያል። የጸሎተ ሐሙስን ማዕድ እንይ፦ አሥራ ሁለቱ ደቀ መዛሙርት ጌታን ከበው ተቀምጠዋል፣ ልብሳቸውም ጢማቸውም ይመሳሰላል። ይሁዳን ለማግኘት ዓይን መቁጠር ይበቃል። የሰቃልያኑና የሰይጣንም ነገር እንደዚያው ነው።

ነገሩ የሚወሰነው ገና በንድፉ ነው። በጭቃና በጭድ የተመረገው ግድግዳ ላይ የጥጥ ጨርቅ ይለጠፋል፣ ነጭ ይቀባል፣ ከዚያ መስመሩ ይወጣል፤ ቀለም የሚሞላው በኋላ ነው። ጻድቅ ሰው ሰውነቱ ወደ ጎን ቢዞር እንኳ ሁለተኛው ዓይኑ እስኪታይ ፊቱ ይመለሳል። ሥዕሉን አሠርተው ከግርጌ ተደፍተው የሚሣሉት ሰዎችም (ናርጋ ሥላሴ ላይ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር እንዳሉት) ከዚህ ደንብ አይወጡም።

የሚያስቸግረው ሌንጊኖስ ነው። የጌታን ጎን በጦር የወጋው እሱ ነው፤ በትውፊት ደግሞ አንድ ዓይኑ ዕውር ነበር፣ የፈሰሰው ደም ሲነካው በራለት። ወጊም ነው፣ የዳነም ነው። እሱ ጋ ዓይን ቆጥሮ መፍረድ አያዋጣም፤ ከጦሩ ተነሥቶ ደሙ ወዴት እንደሚወርድ መከተል ይሻላል።

እንስሳ በዚህ ሒሳብ አይገባም። የቅዱስ ጊዮርጊስ ነጭ ፈረስ በጎኑ ስለተሣለ ክፉ አይባልም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን በተጎዳ ሥዕል ላይ ነው። ጣሪያው ሲያፈስ ጨርቁ ከግድግዳው ይላቀቅና ቀለሙ ይረግፋል፤ የቅዱሱ አንድ ዓይን አብሮ ሊሄድ ይችላል። ያን ጊዜ አፍንጫውን ማየት ነው። በጎን የተሣለ ፊት አፍንጫው ከፊቱ መስመር ወደ ውጭ ይወጣል። የቅዱሱ ግን በሁለት ጉንጮች መካከል ነው፤ ከራሱ ዙሪያም አክሊለ ብርሃን ይኖራል። የሚያድሰው ሰው ይህን ካላወቀና የጎደለ መስሎት በዘይት ቀለም ዓይን ከጨመረ፣ ይሁዳ ከሐዋርያት ጋር ተቀላቅሎ ይቀራል።