ካፕሱል ኢንዶስኮፒ ምንድን ነው? ምንስ አይደለም?

«የሚዋጥ ካሜራ እያለ ልጅን በቱቦ ማሰቃየት ለምን አስፈለገ?» የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን ደጋግሜ አየሁ። የወላጅ ጭንቀት ይገባኛል። ግን ይህ አነጋገር ልጆችን ለተሳሳተ መድኃኒት ስለሚዳርግ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ካፕሱል ኢንዶስኮፒ ማለት ይህ የሚዋጥ ካሜራ ነው፤ ቱቦ የምንለው ደግሞ በአፍ ወይም በፊንጢጣ የሚገባውን ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ ነው። ካፕሱሉ 26 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ሆድ ውስጥ ለ8 ሰዓትና ከዚያም በላይ እየተጓዘ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ምስሎችን ልጁ ወገቡ ላይ ወደታጠቀው መቅረጫ ይልካል። ትልቁ ጥቅሙ ቱቦ የማይደርስበትን የትንሹን አንጀት ክፍል ማሳየቱ ነው።

ያያል እንጂ አይነካም። በሌሊት አውቶቡስ መስኮት ዳር የተቀመጠ መንገደኛን አስቡ። መብራት ያረፈበትን ብቻ ነው የሚያየው፤ «ወራጅ አለ» ማለትም አይችልም። የጠቆረ ማሳ አየ እንበል። እሳት ነው? ዋግ ነው? ወርዶ ካልነካው አያውቅም። ለእኛ ወርዶ መንካት ማለት ከአንጀቱ ናሙና ቆርጦ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው፤ ይህን ደግሞ የሚያደርገው ቱቦው ብቻ ነው።

ጸሐፊው «ቁስል ከታየ ክሮንስ ነው» ይላል፤ ክሮንስ አንጀትን የሚያቆስል የማይለቅ የቁጣ በሽታ ነው። አይደለም! አይቡፕሮፌን ሲወስድ የሰነበተ ልጅም እንዲህ ሊቆስል ይችላል። ጤነኛ ሰው ላይ እንኳ ጥቃቅን ቁስሎች ይታያሉ። እኛ አገር ደግሞ የአንጀት ቲቢ አለ፣ ሲያዩት ከክሮንስ ጋር ቁርጥ አንድ ነው፣ ቲቢ ያለበትን ልጅ ክሮንስ ነው ብሎ የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት መስጠት ደግሞ ቲቢውን በሰውነቱ ላይ መልቀቅ ነው። ለዚህም ነው እ.ኤ.አ. በ2014 የታደሰው፣ ክሮንስንና መሰል የልጆች የአንጀት በሽታዎችን ለመለየት የአውሮፓ ሐኪሞች ያወጡት የፖርቶ መስፈርት ከላይም ከታችም በቱቦ ታይቶ ናሙና ይወሰድ የሚለው። ልጁ ደግሞ ማደንዘዣ ተሰጥቶት ስለሚተኛ በምርመራው ሰዓት አይሠቃይም።

መንገዱ ዝግ ቢሆንስ? ክሮንስ አንጀትን ሊያጠብ ይችላል፤ አውቶቡሱም እዚያው ይቆማል። የተቀረቀረ ካፕሱል አንዳንዴ በቀዶ ጥገና ነው የሚወጣው። ስለዚህ ጥበት ከጠረጠርን አስቀድመን ካሜራ የሌለው፣ ቢቀረቀር የሚሟሟ መሞከሪያ ካፕሱል እናስውጣለን። ካሜራው ከሆድ መውጣቱ ሳይረጋገጥም ልጁ ኤምአርአይ አይነሣም፤ ይህን ለማንኛውም ሐኪም ንገሩ። መዋጥ ለማይችሉ ትንንሽ ልጆች ደግሞ ካፕሱሉን ከጨጓራ አሳልፈን የምናስቀምጠው በዚያው በተፈራው ቱቦ ነው።

ካፕሱልን አልጠላም። ዕድገቱ የቆመ፣ በሰገራው ውስጥ ካልፕሮቴክቲን (የአንጀት ቁጣን የሚጠቁም ፕሮቲን) ከፍ ያለበት፣ በቱቦም በኤምአርአይም ምንም ያልተገኘበት ልጅ ሲመጣ ቶሎ ብዬ የምጠይቀው ካፕሱሉን ነው።