ግራውንድ ምንድን ነው? የአምፕ ገመድ በእጃችሁ ለምትሠሩ

ለአምፕ፣ ማለትም ለቤት ሙዚቃ ድምፅ ማጉያ፣ የመብራት ገመድ ራስ መሥራት ደስ የሚል ነገር ነው። ጥሩ ኬብል፣ ጥሩ ስፒናና ትዕግሥት ካለ ከባድም አይደለም። አንድ ምክር ግን ደግሜ ደጋግሜ ሳየው ዝም ማለት አቃተኝ። «ስፒከሩ እምምም ካለ ቢጫና አረንጓዴዋን ሽቦ ቁረጣት፣ ይጠፋል» ይላል መካሪው። ያቺ ሽቦ ግራውንድ ናት። እውነት ነው፣ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ክፋቱም እዚህ ላይ ነው፤ ስለሠራ ሰው ያምነዋል።

ፌዝ ኮረንቲውን የሚያመጣው፣ ኒውትራል የሚመልሰው ሽቦ ነው፤ እነሱን ልዝለላቸው። ግራውንድ ለድምፅ ጥራት የተዘረጋ ሽቦ አይደለም። ከአምፑ ብረት ጋር የታሰረ የአደጋ ጊዜ መውጫ በር ነው። በደህናው ቀን ማንም አያልፍበትም። ውስጥ ያለው ፌዝ ተልጦ ብረቱን የነካ ቀን ግን ኮረንቲው በዚያ በር ይወጣል፤ መስመሩ ጤነኛ ከሆነ ብሬከሩ ወዲያው ይወድቃል። በሩን ካሸጋችሁት አምፑ መዝፈኑን ሊቀጥል ይችላል፣ ብረቱ ግን 220 ቮልት ይዞ ይቀመጣል። ድምፅ ልጨምር ብሎ እጁን የሰደደ ሰው መውጫው እሱ ይሆናል።

እምምም የሚለውስ? በዚያው በር የገባ ንፋስ በሉት። አምፑን ከአንድ ሶኬት፣ ኮምፒውተሩን ከሌላ ስትሰኩ በሁለቱ ግራውንዶች መካከል ትንሽ የቮልቴጅ ልዩነት ሊኖር ይችላል። ሁለቱን ዕቃዎች ደግሞ የድምፅ ገመዱ ያገናኛቸዋል። ልዩነቱ በድምፅ ገመዱ ውጫዊ ጥልፍ ላይ ኮረንቲ ያስኬዳል። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ያው 50 ኸርዝ ከነዘመዶቹ (ከነብዜቶቹ) ከሙዚቃው ጋር ይሰማል። ንፋስ ገባ ተብሎ የአደጋ በር በግንብ አይደፈንም! መጀመሪያ ሁሉንም ዕቃ ከአንድ ማከፋፈያ ሰኩ። ካልተሻለ በድምፅ ገመዱ መሐል የድምፅ ትራንስፎርመር (ሁለቱን ዕቃዎች በሽቦ ሳያገናኝ ድምፁን የሚያሳልፍ) አስገቡ። በግራውንዶቹና በድምፅ ገመዱ የሚዞረው የኮረንቲ ዙር የሚቆረጠው በድምፁ መስመር ላይ ነው፣ በመብራቱ ገመድ ላይ አይደለም።

«መሬት እኮ ቆሻሻውን ኮረንቲ ሁሉ ይውጠዋል» የሚል ደግሞ አለ። አይውጠውም። ኮረንቲ የሚፈልገው ወደ መጣበት የመብራት ትራንስፎርመር መመለስ ነው። ግራውንዱ የሚመለሰው ግቢ ውስጥ በተቀበረ ዘንግ በኩል ብቻ ከሆነ፣ የዘንጉም ተቃውሞ 20 ኦም ቢሆን፣ 220 ቮልት የሚያሳልፍበት 11 አምፔር ብቻ ነው። ባለ 16 አምፔር ብሬከር በዚህ ንቅንቅ አይልም። ካነሳነው አይቀር፣ በ30 ሚሊአምፔር የሚቆርጥ አርሲዲ (ኮረንቲ ከመስመሩ ሲያፈስ መብራቱን የሚያጠፋ መሣሪያ) የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በነገራችን ላይ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ የተሣለ ድርብ ካሬ ምልክት ያለው ዕቃ ያለ ግራውንድ እንዲሠራ የተነደፈ ነው፤ እሱን አትነካኩት።

በሩ ውጭ ድረስ መድረሱንም አረጋግጡ። ሶኬቱ በጎኑ የግራውንድ ብረት ስላለው ብቻ ከጀርባው ሽቦ ታስሯል ማለት አይደለም። ከዱባይ በመጣ ባለሦስት እግር ስፒና ላይ ቀጭን ባለሁለት እግር አዳፕተር ከጨመራችሁ ግራውንዱ እዚያው አዳፕተሩ ላይ ቀረ።

ስትሠሩ የግራውንዷን ሽቦ ከሁለቱ ረዘም አድርጋችሁ ቁረጧት። ገመዱ በኃይል ቢጎተት መጨረሻ የምትላቀቀው እሷ ትሁን። በብሎን የሚታሰር የሽቦ ጫፍ ላይ የመበየጃ እርሳስ አትበይዱ። እርሳስ በብሎኑ ጭነት ቀስ በቀስ ይሸሻል፣ ብሎኑ ይላላል፣ ስፒናው መሞቅ ይጀምራል። በዚህ ፈንታ ጫፉን ትንሽ የብረት ቱቦ አልብሳችሁ በመጭመቂያ ጭመቁት። ከዚያ ገመዱን አምፑ ላይ ብቻ ሰክታችሁ ከስፒናው ግራውንድ እስከ አምፑ ብረት በሞልቲሜትር ለኩ። ቀለም ያልተቀባ ብሎን ፈልጉ፣ ቀለም ያታልላል። ከ1 ኦም በላይ ካነበበ ስፒናውን መልሳችሁ ፍቱ።