ከጎጃም ወደ ኮክፒት፦ የጦር አውሮፕላን አብራሪነት ሥልጠና

የጦር አውሮፕላን አብራሪነት ከምልመላ የአብራሪነት ምልክት የሆነውን ክንፍ እስከ መቀበል ዓመታት የሚፈጅ ወታደራዊ ሙያ ነው። በኢትዮጵያ የሙያው ቤት ከአየር ኃይሉ ጋር አብራ ያደገችው ቢሾፍቱ ናት፤ ከደብረ ማርቆስ፣ ከሞጣም ሆነ ከዳንግላ የተነሣ ወጣት መንገዱ ወደዚያ ያመራል። ጎጃም ከዚህ ሙያ ጋር የሚገናኘው በልጆቹ ብቻ አይደለም፤ ታሪኩም፣ ስስ አየሩም፣ ተራራና ሸለቆውም ከበረራ ትምህርት ውስጥ አሉበት።

ጎጃም ውስጥ ልጅ ጀግንነትን የሚማረው በቀረርቶና በፉከራ ነው። ሠርግ ላይ፣ በዓል ላይ፣ ለቅሶ ላይ ጠመንጃ የያዘ ሰው ተነሥቶ የአባቶቹን ሥራ ሲቆጥር እያየ ያድጋል። የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያም በአርበኛው በደጃዝማች በላይ ዘለቀ ስም ይጠራል። ኮክፒት፣ ማለትም አብራሪው ተቀምጦ የሚያበርበት ክፍል፣ የሚፈልገው ድፍረት ግን ጸጥ ያለ ነው። ሞተር ሲጠፋ ድምፁ ሳይለወጥ የተማረውን በተራ በተራ የሚፈጽም፣ ከተሳሳተም ካረፈ በኋላ አሠልጣኙ ፊት ቆሞ ስህተቱን ራሱ የሚናገር ሰው ይፈልጋል። በእኔ እይታ ለዚህ ሥራ የሚቀርበው የጎጃም ቅርስ የአብነት ትምህርት ቤቱ ነው። በዋሸራ፣ በጎንጅ፣ በዲማ ጊዮርጊስ የቆሎ ተማሪው ከወላጆቹ ርቆ፣ ጎጆ ውስጥ እየተጠለለ፣ መምህሩ ፊት ቀርቦ አንዲት ቃል ሳያዛንፍ እስኪወጣው ድረስ ይደጋግማል። የበረራ ተማሪም የአደጋ ጊዜ እርምጃዎችን የሚይዘው እንደ ቃል ትምህርት ነው። እሳት በተነሣ ሰዓት መጽሐፍ ገልጦ የሚያነብበት ጊዜ አያገኝምና፣ ከእንቅልፉ ቢቀሰቅሱትም ቅደም ተከተሉን ሳያደናቅፍ ማለት አለበት።

የኢትዮጵያ አየር ኃይል ታሪክ የሚጀምረው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ፖቴዝ 25 የተባለች ፈረንሣይ ሠራሽ አውሮፕላን አዲስ አበባ ስታርፍ ነው። ብዙም ሳይቆይ፣ በመጋቢት 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት፣ አውሮፕላን በራስ ጉግሣ ወሌ ጦር ላይ መጀመሪያ ወረቀት፣ ቀጥሎ ቦምብ ጣለች። ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች መካከል ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ ይገኙበታል። ከጣሊያን ወረራ በፊት ጥቁር አሜሪካዊው ጆን ሮቢንሰን መጥቶ ትንሹን አየር ኃይል መርቷል፤ ከነፃነት በኋላም ተመልሶ ወጣቶችን አሠልጥኗል። ዛሬ የምናውቀው ሥርዓት መሠረቱ የተጣለው ግን እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ በስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን መሪነት ቢሾፍቱ ላይ ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1947 ሳፊር የተባለችውን ትንሽ የማሠልጠኛ አውሮፕላን ከስቶክሆልም አንሥቶ የትም ሳያርፍ ከ30 ሰዓት በላይ በርሮ አዲስ አበባ አግብቷታል። ሳፊር ለብዙ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች የመጀመሪያዋ መማሪያ ሆነች። ከዚያ የአሜሪካ ጄቶች፣ ቀጥሎ የሶቪየት ሚጎች፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ የሩሲያ ተዋጊ ጄቶች ሱኮይ 27 መጡ። በቅርብ ዓመታት ለጀማሪዎች ትምህርት ከገቡት አንዷ ጀርመን ሠራሿ ግሮብ 120 ናት።

ሥልጠና ምን እንደሚያመጣ በጉልህ የታየው በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ነበር። ኤፍ 5 የተባለውን የአሜሪካ ጄት የሚያበሩት ኢትዮጵያውያን የሶማሊያን ሚጎች አየር ላይ ገጥመው የሰማዩን የበላይነት ያዙ። ከእነዚህ አብራሪዎች አንዱ ለገሠ ተፈራ አውሮፕላኑ ተመትቶ ከተማረከ በኋላ 11 ዓመት ገደማ በእስር ቆይቶ ተመልሷል። ሙያው የሚያስከፍለውን ዋጋ ለሚጠይቅ ወጣት ይህን ታሪክ መንገር ተገቢ ይመስለኛል።

ጎጃም በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሱ ገጽ አለው። ኅዳር 11 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ጣሊያን አገሩን ገና በያዘበት ሰዓት፣ የእንግሊዝ አየር ኃይል የእንግሊዝ ጦር መኮንን የሆነውን ዊንጌትን በአውሮፕላን ሰከላ አድርሶት፣ ቀድሞ ወደ አርበኞቹ ከገባው ከእንግሊዛዊው መኮንን ከሳንድፎርድ ጋር ተገናኘ። ግዮን ከሚፈልቅበት ወረዳ እንዲህ ያለ እንግዳ መውረዱ፣ ዳንግላ ላይ የጣሊያን ጦር በቦምብ መመታቱም ለአርበኛው ትልቅ ብርታት ሆነ። እስከዚያ ድረስ ሕዝቡ አውሮፕላንን የሚያውቀው ቦምብና መርዝ ሲያወርድበት ነበርና። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ጎጃም ራሱ የጦርነት አካባቢ ሆኗል፤ ከሰማይ ድምፅ ሲሰማ ቀና የሚለው ሰው ሁሉ ልቡ ውስጥ ያለው ኩራት አይደለም። ስለዚህ ከበረራ ትምህርቱ ጎን የሚሰጠው የጦርነት ሕግ፣ ሰላማዊውን ሰው ከተዋጊው የመለየት ግዴታ፣ ለፈተና ብቻ ተነብቦ የሚታለፍ ምዕራፍ መሆን የለበትም።

ምልመላው ከባድ ወንፊት ነው። ፊዚክስና ሒሳብ መሠረት ናቸው፤ የሕክምና ምርመራው ዓይንን፣ ጆሮን፣ ልብን፣ የደም ግፊትንና አከርካሪን ይፈትሻል። የተቀመጠ ሰው ቁመትና የእግሩ ርዝመት ሳይቀር ይለካል፤ ኮክፒት እንደ ሰው አይሰፋም አይጠብምና። አንዳንዱ ልጅ ቀይና አረንጓዴ እንደሚምታታበት የሚያውቀው በነጠብጣብ ከተሞላው የቀለም መፈተሻ ሰሌዳ ፊት ሲቆም ነው፤ ያን ቀን ሕልሙ ባልሠራው ጥፋት ይዘጋል። ከገጠር ለሚመጣው ልጅ ሌላው እንቅፋት እንግሊዝኛ ነው። የማማ ተቆጣጣሪው በሬዲዮ ፈጥኖ የሚሰጠውን ትእዛዝ በመጀመሪያው አንዴ ሰምቶ፣ ያንኑ መልሶ ማሰማት ግድ ነው። ጎበዝ የሒሳብ ተማሪ ሆኖ በዚህ የሚቸገር አለ። ነገሩ ግን በልምምድ የሚቀና ነው፤ የአካባቢያችን መምህራን ተማሪውን ከሰዋስው በላይ በማዳመጥ ቢያለማምዱት ብዙ ልጅ ይተርፍ ነበር።

ምልመላውን ያለፈው መጀመሪያ የሚሆነው ወታደር ነው። ሩጫው፣ ሰልፉ፣ የአልጋ አነጣጠፉ፣ እንቅልፍ ማጣቱ አለ፤ ይህ በየትኛውም ካምፕ ያለ ስለሆነ ብዙ አያስጽፍም። ቀጥሎ የክፍል ትምህርት ይመጣል፦ ክንፍ ለምን እንደሚያነሣ፣ ሞተር፣ የአየር ጠባይ፣ የካርታ አሰሳ፣ የአየር ሕግ። የዚህን ዘመን ሕይወት በደንብ የሚያሳየው ማታ በመኝታ ክፍል የሚታየው ነገር ነው። ተማሪው የእንጨት ወንበር ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል። ቀኝ እጁ የሌለ መሪ ይዟል፤ ግራ እጁ የሌለ ጋዝ ይገፋል፤ እግሮቹ ወለሉ ላይ ይሄዳሉ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፦ ፍጥነት፣ ከፍታ፣ ጎማ ወረደ፣ ሦስት አረንጓዴ መብራት። አንዷን ከረሳ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ነዳጅ የማይፈጅ በረራ ነው፤ በማግሥቱ አየር ላይ ማን ማታ እንደተቀመጠና ማን እንደተኛ አሠልጣኙ ወዲያው ያውቃል።

በረራው የሚጀምረው በማራገቢያ በሚሄድ አውሮፕላን፣ ከአሠልጣኝ ጋር ነው። ቀጥ ብሎ መሄድ፣ መዞር፣ መውጣት፣ መውረድ፤ ከዚያ ክንፉ አየር ሲያጣ የሚመጣውን መውደቅ ሆን ብሎ ፈጥሮ ማዳን፤ ከዚያ መነሣትና ማረፍ፣ ደግሞ መነሣትና ማረፍ። አንድ ቀን አሠልጣኙ ቀበቶውን ፈትቶ ይወርድና «በል፣ ብቻህን ዙርና ና» ይላል። በግሮብ ሁለቱ ሰዎች ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ፣ የጎኑ ወንበር ባዶ መሆኑ ዓይን ውስጥ ይገባል። የአንድ ሰው ክብደት ስለቀነሰ አውሮፕላኑ ከለመደው ፈጥኖ ይነሣል፣ ፈጥኖም ይወጣል። ከዚህ በኋላ የመገለባበጥ በረራ፣ በመሣሪያ ብቻ መብረር፣ የሌሊት በረራ፣ በኅብር መብረር ይቀጥላል። መጨረሻ ላይ እንደ ውጤቱና እንደ ኃይሉ ፍላጎት ተማሪው ወደ ተዋጊ ጄት፣ ወደ ማጓጓዣ ወይም ወደ ሄሊኮፕተር ይመደባል። ሄሊኮፕተር የደረሰው ያነሰ ነው የሚል ወሬ አለ፤ ትክክል አይደለም። ቁስለኛ ከተራራ ላይ የሚያነሣው እሱ ነው።

ሰውነትም ይሠለጥናል። በሹል መታጠፍ ጊዜ ግሮብ እስከ 6 ጂ (የመሬት ስበትን 6 እጥፍ) ትሸከማለች፤ 65 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በዚያች ቅጽበት 390 ኪሎ ይሆናል። ደም ከራስ ወደ እግር ሲወርድ መጀመሪያ ቀለም ይደበዝዛል፣ ከዚያ ዙሪያው ይጨልማል፣ ካልተገታ ሰው ራሱን ይስታል። መከላከያው እግርንና ሆድን ማጥበቅና በየ3 ሰከንዱ አጭር ትንፋሽ መውሰድ ነው። ረሃብና የውኃ ጥም ይህን አቅም ስለሚቀንሱ፣ በጾም ላደገ የጎጃም ልጅ ዐቢይ ጾም ሲገባ እውነተኛ ጥያቄ ይነሣል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምሱ ቆይቶ መብረር ለራስም ለጓደኛም አደጋ ነው፤ ነገሩን ከበረራ ሐኪምና ከንስሐ አባት ጋር ቀድሞ መነጋገር ይገባል። ስለ አረቄ መናገር አያስፈልግም፤ በዋዜማው የሚጠጣ አብራሪ የለም።

መሬቱ ራሱ አስተማሪ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። አየሩ በሳሳ መጠን ክንፍም ሞተርም ጉልበት ያጣሉ። ሙቀት ሲጨመር ደግሞ ይብሳል፦ ከመደበኛው በላይ ለሚጨምር ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ 36 ሜትር ያህል ከፍታ እንደተጨመረ ይቆጠራል። በዚያ ከፍታ መደበኛው 3 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ በሚያዝያ ከሰዓት 27 ዲግሪ ሲሆን አውሮፕላኑ 2,650 ሜትር ላይ እንዳለ ሆኖ ይሠራል። መንደርደሪያው ይረዝማል፣ ማረፊያው ፍጥነት ይጨምራል። ደገኛ መሆን ከዚህ አያድንም፤ ከኦክስጅን ጭምብልም አያስጥልም።

ካርታ ላይ ከቢሾፍቱ ባሕር ዳር ቀጥ ያለ መስመር ቢሰመር 370 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። መስመሩ አባይን ደጀን አጠገብ ይሻገራል፤ መሬቱ ከአውሮፕላኑ ሥር ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ጠልቆ ይጠፋል፣ ከሸለቆው የሚወጣው ሞቃት አየርም ክንፉን ይንጠዋል። ደብረ ማርቆስን በግራ ትቶ ሲቀጥል መስመሩ የሚያልፈው በጮቄ ላይ ነው። ጮቄ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ነው፤ በተራራማ አገር ደመና ውስጥ ከከፍተኛው ጫፍ ቢያንስ 600 ሜትር በላይ መብረር ግድ ስለሆነ፣ አብራሪው ከ4,600 ሜትር በላይ መውጣት፣ ጭምብሉንም ማድረግ አለበት። በክረምት ጠዋት ጥርት ያለው ሰማይ ከሰዓት በኋላ ጮቄ ላይ ጥቁር የደመና ማማ ይሠራል፤ ያን ጊዜ መልሱ ዞሮ ማለፍ ወይም መመለስ ነው። ሞጣን በቀኝ ካለፉ በኋላ ጣና ይመጣል። ጭጋግ ባለበት ቀን ውኃውና ሰማዩ አንድ ቀለም ይሆኑና አድማሱ ይጠፋል። ጆሮ ውስጥ ያለው ሚዛን አውሮፕላኑ ቀጥ ብሏል ይላል፤ መሣሪያው ወደ ግራ አዘንብሏል ይላል። ተማሪው ዓይኑን መሣሪያው ላይ ተክሎ፣ ሰውነቱ እየተቃወመው፣ ክንፉን ወደ ቀኝ ያቀናል።