ሌቨንወርዝ፦ ቢራን እዛው ከተጠመቀበት ቤት መጠጣት

ሌቨንወርዝ ዋሽንግተን ስቴት ካስኬድ ተራሮች ስር ያለች ሚጢጢ ከተማ ናት፣ በ2020 ቆጠራ ነዋሪዋ 2,400 እንኳን አይሞላም፣ ሲያትል ላለው ሀበሻ ደሞ በሀይዌይ 2 ስቲቨንስ ፓስ የሚባለውን የተራራ ማለፊያ ተሻግሮ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ድሮ የባቡርና የእንጨት ከተማ ነበረች፣ በ1920ዎቹ ባቡሩ መስመር ቀየረ መሰንጠቂያውም ተዘጋ፣ በቃ ከተማዋ ደረቀች፣ ከዛ በ1960ዎቹ ነዋሪው ተመካክሮ ሁሉን ነገር የጀርመን ባቫሪያ መንደር አስመስሎ ሰራው። ማክዶናልድሱ ሳይቀር ባቫሪያዊ ነው ያው ቱሪስቱም መጣ።

እውነት ለመናገር ከተማዋ አስመሳይ ናት፣ ቢራው ግን የራሷ የአካባቢው ነው። ፍሮንት ስትሪት ላይ ያለው አይስክል ብሩዊንግ በ2011 የተከፈተ ሲሆን ስሙን የወሰደው የከተማዋ ውሃ ከሚመጣበት ከአይስክል ክሪክ ነው፣ ታፕሩሙም ጠማቂው የራሱን ቢራ እዛው በድራፍት የሚሸጥበት ክፍል ነው። ጀርመን ነን ቢሉም ታዋቂው ቢራቸው ቡትጃክ የሚባል አይፒኤ (ሆፕስ የሚባለው አበባ የበዛበት መራራ ቢራ) ነው፣ እሱ ደሞ የጀርመን ሳይሆን ጥርት ያለ የአሜሪካ ዌስት ኮስት ጣዕም ነው። ምክንያቱም ሆፕስ የሚበቅልበት የያኪማ ሸለቆ እዛው ዋሽንግተን ስቴት ቅርብ ነው፣ አሜሪካ ውስጥ ከሚመረተው ሆፕስ ሶስት አራተኛው ገደማ ከዛ ሸለቆ ነው የሚወጣው፣ ከአልኮል ክልከላው ዘመን በኋላ የአገሪቱ የመጀመሪያው ብሩፐብም (ቢራውን ራሱ ጠምቆ የሚሸጥ መጠጥ ቤት) እዛው ያኪማ ነው በ1982 የተከፈተው። ሆፕስ ለቢራ ጌሾ ለጠላ የሆነውን ነው፣ መራራውን እሱ ነው የሚሰጠው፣ ልዩነቱ ከጌሾ ቅጠሉና እንጨቱ ሲገባ ከሆፕስ አበባው ነው። በመስከረምና ጥቅምት ከሄዳችሁ ፍሬሽ ሆፕ በሉና ጠይቁ፣ አበባው ሳይደርቅ በተቀጠፈ በአንድ ቀን ውስጥ ጋኑ ውስጥ የሚገባበት ቢራ ነው፣ ሽታው የታጨደ ሳር ሳር ይላል፣ ወቅቱ ካለፈ ደሞ አታገኙትም።

ባንኮኒው ጋር ስትቀርቡ መጀመሪያ መታወቂያ ነው፣ 21 ካልሞላ የለም፣ ፀጉራችሁ ቢሸብትም ሊጠይቋችሁ ይችላሉ። የማታውቁትን ቢራ ሙሉ ብርጭቆ ከማዘዝ ፍላይት እዘዙ፣ እንጨት ላይ የተደረደሩ አራት አምስት ትንንሽ ብርጭቆዎች ናቸው፣ ፒልስነር ከሚባለው ቀላልና ነጣ ያለ ቢራ ተነስታችሁ ወደ ጥቁሩ ሂዱ፣ በአይፒኤ ከጀመራችሁ ምላሳችሁ ይያዝና ቀሪውን አትቀምሱትም። ጾም የያዘ ሰው ካለ ቢራው በአብዛኛው ችግር የለውም፣ ፕሬዝል ጋር የሚመጣውን ቺዝ ነው ማስቀረት፣ ሚልክ ስታውት የሚል ጥቁር ቢራ ካያችሁ ግን የወተት ስኳር አለበት ተጠንቀቁ።

ለቤት መያዝ ከፈለጋችሁ ግራውለር አለ፣ ወደ 1.9 ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ ነው፣ ከተከፈተ በማግስቱ ጋዙ ይወጣል ስለዚ ሰው ሲሰበሰብ ነው የሚከፈተው። የሚነዳው ሰው ደሞ ቀድሞ ይታወቅ፣ ለሚነዳ ሰው በደም ውስጥ የሚፈቀደው የአልኮል ገደብ ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ 0.08 በመቶ ቢሆንም የስቲቨንስ ፓስ መንገድ በክረምት በረዶ ነው፣ በተለይ በታህሳስ የገና መብራቱን ለማየት ህዝቡ ሲግተለተል ፓርኪንግ ማግኘት ራሱ መከራ ነው፣ ከቻላችሁ በስራ ቀን ሂዱ።