ከአልማዝ ይጠነክራል የተባለው ውህድ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

“ካርቦን ናይትራይድ ከአልማዝ እንደሚጠነክር ተረጋግጧል።”

አልተረጋገጠም። ካርቦን ናይትራይድ ካርቦንና ናይትሮጅን የተጣመሩበት ውህድ ነው። ነገሩ የተጀመረው በስሌት ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የፊዚክስ ተመራማሪዎቹ ኤሚ ሊዩ እና ማርቪን ኮኸን ሦስት ካርቦን ለአራት ናይትሮጅን የሚይዝ፣ ቤታ የተባለ ክሪስታል ቢሠራ በግፊት ለመታመቅ የአልማዝን ያህል እንደሚያስቸግር አሰሉ። ወሬው ሲዛመት “አይታመቅም” የተባለው “አልማዝን ይጭራል” ሆነ። ሁለቱ ግን ለየቅል ናቸው። ኦስሚየም የተባለው ብረት ለመታመቅ ወደ አልማዝ ይጠጋል፤ አልማዝ ግን ያለ ችግር ይጭረዋል። መጫርን የሚከለክለው የአቶሞቹ ንጣፎች እርስ በርስ እንዳይንሸራተቱ አጥብቆ የሚይዛቸው ትስስር ነው።

“ካርቦን ናይትራይድ ሁሉ ጠንካራ ነው።”

በብዛት የሚሠራው ቢጫ ዱቄት ነው። ሜላሚን በተራ ምድጃ ሲጋገር ይገኛል፣ እንደ ግራፋይት በንብርብር የተደረደረ ነው፣ ግፊትም አይሻም። የሚፈለገውም ብርሃን ተቀብሎ ከውሃ ሃይድሮጅን ለማውጣት በማገዙ ነው።

“ጠንካራውን ዓይነት ለመሥራት የሚያስፈልገው ከባድ ግፊት ግዙፍ ማሽን ይጠይቃል።”

ግፊት ማለት ኃይል ለስፋት ሲካፈል ነው፤ ስፋቱ ካነሰ መጠነኛ ኃይልም ይበቃል። መሣሪያው በመዳፍ ይያዛል፦ ጫፋቸው የፀጉር ውፍረት የሚያህል ሁለት አልማዞች ናሙናውን መሃል አድርገው ይጫኑታል። አልማዝ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ሌዘር በውስጡ አልፎ ናሙናውን ያግላል።

“ጥቂት የኤክስሬይ መስመሮች ከታዩ ቁሱ ተገኝቷል ማለት ነው።”

ኤክስሬይ ክሪስታል ላይ ሲያርፍ እንደ አቶሞቹ አደራደር የሚለያዩ መስመሮች ይሰጣል፤ በ1990ዎቹ ብዙዎችን ያሳሳተው በጥቂቶቹ ብቻ መተማመን ነው። “አገኘን” ከተባሉት ስስ ሽፋኖች አብዛኞቹ አቶሞቻቸው በሥርዓት ያልተደረደሩና ናይትሮጅን የጎደላቸው ነበሩ። ካርቦንና ናይትሮጅን በኤለመንቶች ሠንጠረዥ ጎረቤታሞች በመሆናቸው ለኤክስሬይ መንትያ ሊመስሉ ምንም አይቀራቸውም። የእያንዳንዱን አቶም ቦታ ለማወቅ ከአንድ ነጠላ ክሪስታል በሲንክሮትሮን (ኤሌክትሮኖችን በክብ መንገድ እያስሮጠ ኤክስሬይ በሚያመነጭ ማሽን) ኃይለኛ ጨረር የተወሰደ መረጃ ያስፈልጋል።

“ግፊቱ ሲነሳ ውህዱ ይፈርሳል።”

በብዙ ቁሶች እውነት ነው፤ እዚህ ግን አልሆነም። በ2023 ይፋ በሆነ ሥራ ከ70 እስከ 135 ጊጋፓስካል ግፊት (አንድ ጊጋፓስካል ከተራ የአየር ግፊት አሥር ሺህ እጥፍ ያህል ነው) እና ከ1500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት የተሠሩ ካርቦን ናይትራይዶች ወደ ተራ አየር ሲመለሱ ቅርጻቸውን እንደያዙ ቆይተዋል። ደስታው ተገቢ ነው። ከአንድ ሙከራ የሚወጣው ግን በዓይን የማይታይ ቅንጣት ነው፤ የመሰርሰሪያ ጫፍ ለመሥራት ቀርቶ በጣት ለመያዝም አይበቃም።