መቼት ምንድን ነው?

ፈተና ላይ «የልብ ወለዱ መቼት ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ሲመጣ፣ አብዛኛው ተማሪ የአንድ አገር ስም ጽፎ ወደ ቀጣዩ ያልፋል። «ጎጃም»፣ አለቀ። እኔም ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ እንዲሁ ጽፌ ከሁለት ማርክ አንዱን አገኘሁ። ሌላው የት እንደገባ መጠየቅ አፍሬ ዝም አልኩ። መልሱ ለካ እዚያው ጥያቄው ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

መቼ፣ የት። ሁለቱን አጋጥማችሁ ጥሯቸው፦ መቼት። ታሪኩ መቼ ተፈጸመ፣ የት ተፈጸመ ማለት ነው። ሴራ፣ ገጸ ባሕርይ፣ ግጭት፣ ጭብጥ እያልን ከምንቆጥራቸው የልብ ወለድ አላባውያን አንዱ ይኸው ነው። ከሁሉም ግን ትርጉሙን ስሙ ላይ ይዞ የሚዞር እሱ ነው።

አስተማሪዎች «የጊዜ መቼት»፣ «የቦታ መቼት» እያሉ ለሁለት ይከፍሉታል። ለማረም ይመቻል፣ አልቃወምም። ጥሩ ታሪክ ውስጥ ግን ሁለቱን ለመለያየት ብትሞክሩ እጃችሁ ላይ ይበጠሳሉ። ቃሉን የሠራው ሰው ይህን አስቦበት ይሁን አይሁን፣ ማጣበቁ ልክ ነበር።

አንድ ታሪክ «አብዮት አደባባይ እንገናኝ ብላኝ ነበር» ብሎ ቢጀምር፣ ቦታው አዲስ አበባ መሆኑ ገባን። ግን ዘመኑስ? እሱም ገብቶናል፤ ያ አደባባይ በዚህ ስም የተጠራው በደርግ ጊዜ ነው። ከዚያ በፊትም በኋላም መስቀል አደባባይ ነው። ደራሲው ዓመተ ምሕረት መጻፍ አላስፈለገውም፣ የቦታው ስም ጊዜውን አዝሎት መጣ። «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ስማር» የሚል ገጸ ባሕርይ ካገኛችሁም እንደዚያው ነው።

ግልባጩም ይሠራል። «ከብት ሲገባ ደረሰ» የሚለውን ውሰዱ። የጊዜ መግለጫ ነው፣ ወደ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ። ሰዓቱን ሲነግረን ግን ገጠር ወስዶ አስቀምጦናል፦ በረት አለ፣ አቧራ አለ፣ ጥጃ ይጮኻል፣ እረኛው በትሩን ትከሻው ላይ ጋድም አድርጎ ይመጣል። ያው ሰው «የሥራ ሰዓት መውጫ ላይ ደረሰ» ቢባል፣ ሰዓቱ ሳይለወጥ ከተማ ገባን፤ የታክሲ ሰልፍ ታየን።

ሰሞኑን ደግሞ አዲስ አበባ ራሷ ለዚህ ማስተማሪያ ሆናለች። ድሮ «ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ» ብሎ መጻፍ ለቦታ መቼት ይበቃ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ከፈረሰ ወዲህ ግን አይበቃም። ገጸ ባሕርይው ዶሮ ማነቂያ ገብቶ ሥጋ ካስቆረጠ፣ ከመፍረሱ በፊት ነው። በሰፊ የእግረኛ መንገድ ላይ ቆሞ «ቤታችን እዚህ ጋ ነበር» ካለ፣ በኋላ ነው። የት ያለ መቼ ትርጉም አጣ።

አሁን አንዲት ዓረፍተ ነገር ልስጣችሁ፦ «አልማዝ እስከ ማታ አራት ሰዓት በር ላይ ቆማ ጠበቀችው።»

2017 ዓ.ም.፣ የአያት ኮንዶሚኒየም። ታክሲ አጥቶ ይሆናል፣ ወይም ስልኩ ባትሪ ዘግቶበት። አልማዝ ተናዳለች፤ ሲመጣ የምትለውን እያዘጋጀች ነው። አንባቢ ፈገግ ሊል ይችላል።

1970 ዓ.ም.፣ ያው አዲስ አበባ። ቀይ ሽብር ነው፣ ሰዓት እላፊ አለ፣ ልጁ ወጣት ነው። ከዓረፍተ ነገሩ አንዲት ፊደል አልነካሁም። አሁን ግን ማንም ፈገግ አይልም፤ አልማዝም አልተናደደችም። በሩ ላይ የቆመችው ውስጥ መቀመጥ ስላቃታት ነው።

ይህ ስሜት ድባብ ይባላል። ድባብ የሚወለደው ከመቼት ነው፣ ግን መቼት አይደለም። ብዙ ጊዜ ይምታታል፤ «መቼቱ አሳዛኝ ነው» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ድባቡን ማለቱ ነው።

መቼት ላይ ሦስተኛ ነገርም አለ፦ የዚያ ቦታና ዘመን ሰው ምን ነውር ነው ይል ነበር፣ ማን ለማን ይሰግድ ነበር። «ፍቅር እስከ መቃብር» በተሰኘው ልብ ወለድ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር ለምን መከራ ሆነ? አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ ክፉ ስለሆኑ ብቻ አይደለም። በዚያ ጎጃም፣ በዚያ ዘመን፣ የባላባት ልጅና የድሃ ገበሬ ልጅ እኩያ አይደሉም፤ ዘርና አጥንት ይቆጠራል። ሁለቱን አንስታችሁ የዛሬ ባሕር ዳር ላይ አስቀምጧቸው፤ አባቷ ቢያኮርፉ ያኮርፋሉ፣ ልጆቹ ግን ማዘጋጃ ቤት ሄደው ይፈራረማሉ። ያ ሁሉ ገጽ የፈጀው ግጭት የቆመበትን መሬት ያጣል። መቼት የታሪኩ የጀርባ ሥዕል ብቻ ነው የሚሉ ሰዎችን የማላምነው ለዚህ ነው።

ስለዚሁ መጽሐፍ ሲጠየቅ «የጊዜ መቼቱ 1958 ዓ.ም.» የሚል መልስ አንዳንዴ ይመጣል። ያ ፍቅር እስከ መቃብር የታተመበት ዓመት ነው፤ ታሪኩ የሚተርከው ከዚያ በፊት ስለነበረ ዘመን ነው። የተጻፈበትን ጊዜ የመጽሐፉ መጀመሪያ ገጽ ይነግራችኋል፣ መቼቱን ግን ከውስጥ መልቀም ነው፦ ከኩራዙ፣ ከበቅሎው፣ ከማዕረጉ፣ ከገንዘቡ። ረዳቱ የታክሲ ሒሳብ በሳንቲም ሲመልስ ካያችሁ ዘመኑን ገምቱ።

በትርጉም ሥራ ላይ ደግሞ አንድ የሚያበሳጨኝ ነገር አለ። የፈረንጅ ገጸ ባሕርይ ገና ፊቱን ሳይታጠብ «ከጠዋቱ ሰባት ሰዓት» ይባልልናል። በእኛ ቆጠራ ሰባት ሰዓት ምሳ ተበልቶ ቡና የሚፈላበት ነው። ተርጓሚው ቁጥሩን አመጣ፣ ጠዋቱን ግን እዚያው ጥሎት መጣ።

መቼት የማይወድ ታሪክ የለም ወይ? አለ፣ ተረት። «ከዕለታት አንድ ቀን» ማለት መቼ እንደሆነ አትጠይቁኝ ማለት ነው። አያ ጅቦና እመት ጦጢት የት ወረዳ እንደሚኖሩ ማንም ጠይቆ አያውቅም። እኔ ግን ያንን ሕግ አንድ ማታ ጣስኩት። የእህቴ ልጅ ሽሮ ሜዳ እኛ ቤት አድራ ነበርና፣ «ተረት ተረት» ስላት «የላም በረት» አለች። ነገሩን ላሳምርላት ብዬ «አያ ጅቦ እዚህ እንጦጦ ላይ ይኖር ነበር» አልኳት።

ትንሽ ዝም አለች።

«አሁንም አለ?»

እንጦጦ ላይ ጅብ አለ፤ ማታ ማታ ከቤታችን ይሰማል። ምን ልበላት? መብራቱ በርቶ አደረ።